ምዕራፍ ሰባት፦ ለአንድ ደቂቃ ዝናብ የሚሆን ጎማ

በእንግሊዝ ዎርስተርሻየር ውስጥ ሼልስሊ ዎልሽ የምትባል መንደር አለች። አጠገቧ ባለው ኮረብታ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ የመኪና ውድድር ይካሄዳል። መንገዱ 914 ሜትር ብቻ ነው፤ ዛሬም የሚነዳው በዚያው በድሮው መስመር ነው። ውድድሩ ጎን ለጎን አይደለም። አንዱ መኪና ወጥቶ ሲጨርስ ሌላው ይነሳል፤ የሁሉም ባላንጣ ሰዓት ነው። ለዚሁ ተብለው የተሠሩት ባለ አንድ መቀመጫ መኪኖች ከ25 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አናቱ ላይ ይደርሳሉ። ባለቤቷ ከቤቱ እየነዳ ያመጣት የመንገድ መኪና ደግሞ 40 ሰከንድ ገደማ ይፈጅባታል። ይኸው ውድድር በአሮጌ አውሮፕላን ማረፊያ ወይም በትራክ ላይ ሲሆን ስፕሪንት ይባላል። አሜሪካኖቹም አውቶክሮስ የሚሉት አላቸው፦ ሰፊ አስፋልት ላይ ኮን ይደረደራል፣ ሹፌሩ አንድ ደቂቃ ገደማ በኮኖቹ መካከል ይጠማዘዛል፣ አለቀ።

እነዚህን ውድድሮች አንድ የሚያደርጋቸው ጎማው ሳይሞቅ ማለቃቸው ነው። መኪናው ተራ ሲጠብቅ ቆሞ ይቀዘቅዛል፤ ከተነሳ በኋላም ሹፌሩ ጥቂት ጊዜ ፍሬን እንደረገጠ የመጨረሻው መስመር ይደርሳል። ዝናብ ሲጨመርበት ውሃው የተገኘችውንም ሙቀት ይወስዳታል። ለዝናብ ጎማ ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ግን ወዲያው የሚያየው ጥርሱን ነው። ጣቱን ቦዩ ውስጥ ይከታል፣ ጥልቀቱን ይለካል፣ ቅርጹን ያደንቃል። ጥርስ ያስፈልጋል፤ ለምን እንደሚያስፈልግም እናያለን። ለስፕሪንት ሲሆን ግን ከጥርሱ በፊት የሚጠየቀው ጎማው በስንት ዲግሪ ሙቀት እንደሚሠራ ነው።

በውሃው እንጀምር። 200 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ውሃ በተኛበት መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በየሰከንዱ ከ16 ሊትር በላይ ውሃ ከፊቱ ማስወገድ አለበት። ይህ የአንድ ጎማ ድርሻ ነው፤ ስፋት በጥልቀት፣ በፍጥነት ማባዛት ነው። በፎርሙላ 1 ፒሬሊ የሚያቀርበው የከባድ ዝናብ ጎማ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 85 ሊትር እንደሚያስወጣ ኩባንያው ይናገራል፤ ለመለስተኛው ዝናብ የሚሆነው ደግሞ 30 ሊትር ነው። የጥርሱ ቦዮች ሥራ ይህን ውሃ ተቀብሎ ወደ ጎንና ወደ ኋላ መሸኘት ነው።

የዱንሎፕ ተመራማሪ የነበረው ጎፍ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ መሬት የነካውን የጎማ ክፍል በሦስት ከፍሎ አሳየ። ከፊት ያለው ክፍል ውሃውን ይገፋል። የመካከለኛው፣ የቀረውን ስስ ሽፋን ይጨምቃል። ከኋላ ያለው ብቻ አስፋልቱን በትክክል ይጨብጣል። ፍጥነት ሲጨምር የፊተኛው ክፍል እየተለጠጠ የኋለኛውን ይበላዋል። የኋለኛው ጨርሶ ሲጠፋ ጎማው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ መሪው ይቀልላል፣ ፍሬኑም ከንቱ ይሆናል። አኳፕላኒንግ የሚባለው ይህ ነው።

መንሳፈፉ በስንት ፍጥነት እንደሚመጣ እ.ኤ.አ. በ1963 የናሳው ዋልተር ሆርን ከሥራ ባልደረባው ጋር የአውሮፕላን ጎማ እየፈተነ ቀላል ቀመር አወጣ። የጎማውን ነፋስ በፒኤስአይ ወስዶ ስኩዌር ሩቱን በ9 ማባዛት ነው፤ መልሱ በኖት ይወጣል። 36 ፒኤስአይ ያለው ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 25 ፒኤስአይ ያለው ደግሞ በ83 ገደማ ይነሳል ማለት ነው። ቀመሩ የተሠራው ለአውሮፕላን ጎማ በመሆኑና ውሃው ከጥርሱ ጥልቀት በላይ ሲሆን ያለውን ሁኔታ ስለሚናገር፣ ለመኪና ግምት እንጂ ሕግ አይደለም። ቢሆንም አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ያሳያል። እንደ ካተርሃም ሰቨን ያለ ከ600 ኪሎ የማይበልጥ መኪና ብዙ ጊዜ በ18 ፒኤስአይ አካባቢ ይነዳል፤ በቀመሩ መሠረት 70 ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ሊንሳፈፍ ይችላል። ቀላል መኪና በደረቅ አስፋልት ንጉሥ ነው፤ ውሃ በተኛበት ቦታ ግን ከባዱ ወንድሙ ይቀድመዋል።

እስካሁን ያልነው የቆመ ውሃ ላለበት መንገድ ነው። አብዛኛው የስፕሪንት ዝናብ ግን እንዲህ አይደለም። ካፊያ ነው፣ ወይም ከአንድ ሰዓት በፊት ዘንቦ ያባራ ነው፤ አስፋልቱ ጠቁሮ ያብረቀርቃል እንጂ ኩሬ አልሠራም። እዚህ ላይ የቦዩ ጥልቀት ብዙም አይፈይድም። አስፋልቱን የሚጨብጠው ቅይጡ፣ ማለትም ጎማው የተሠራበት የላስቲክ ድብልቅ ነው።

ጎማ መንገድን በሁለት መንገድ ይይዛል። አንደኛው መጣበቅ ነው፤ የጎማው ገጽ ከድንጋዩ ገጽ ጋር በቀጥታ ሲነካካ የሚመጣ ኃይል ነው። ስስ የውሃ ሽፋን በመካከላቸው ከገባ ይህ ኃይል አብዛኛው ይጠፋል። ሁለተኛው መቀረጽ ነው። ጎማው በአስፋልቱ ጠጠሮች ላይ ሲጫን የጠጠሮቹን ቅርጽ ይይዛል፤ ሲያልፍ ወዲያው ወደ ነበረበት ስለማይመለስ ከጠጠሩ በስተኋላ ያለው ግፊት ከፊተኛው ያንሳል፣ ልዩነቱም መያዣ ይሆናል። በዝናብ ቀን የምንኖረው በዚህ በሁለተኛው ነው። ለመቀረጽ ደግሞ ጎማው መለስለስ አለበት። ጧፍ ያበራ ሰው ነገሩን በእጁ ያውቀዋል፤ ቀዝቃዛውን ጧፍ ቢያጥፉት ይሰበራል፣ መዳፍ ውስጥ ትንሽ ካሞቁት ግን እንደፈለጉ ይጠመዘዛል። ለ80 እና ለ90 ዲግሪ የተቀመመ የውድድር ጎማ በ10 ዲግሪ ዝናብ ውስጥ ገና ያልሞቀው ጧፍ ነው።

የመንገድ ጎማ ሠሪዎች ይህን ችግር ሲታገሉ ቆይተዋል፤ ደንበኞቻቸው ጠዋት ተነስተው በቀዝቃዛ ጎማ ወደ ሥራ የሚሄዱ ሰዎች ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ1992 ሚሽለን በጥቁር ካርቦን ፋንታ በአብዛኛው ሲሊካ የገባበት ጎማ ለገበያ አወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። የሲሊካ ብልሃቱ ቅይጡ በቀዝቃዛ ሙቀት ኃይል እንዲውጥ፣ ማለትም እንዲቀረጽ፣ በመደበኛ የመንዳት ሙቀት ደግሞ ያለ ብክነት እንዲሽከረከር ማድረጉ ነው። የጎማ ኬሚስቶች የአንድን ቅይጥ የዝናብ ባሕርይ ለመገመት በ0 ዲግሪ አካባቢ፣ የነዳጅ ቁጠባውን ለመገመት በ60 ዲግሪ የሚለኩትም ለዚህ ነው።

ከዚህ የሚወጣው መደምደሚያ ብዙ አዲስ ተወዳዳሪዎችን ያስቀይማል። ለትራክ ተብሎ የተሠራ፣ ለመንገድ ግን የተፈቀደ ከፊል ልሙጥ ጎማ አለ፤ የቶዮው አር888አር እና የዮኮሃማው ኤ048 የታወቁት ናቸው። ዋጋቸው ውድ ነው፤ በደረቅ ቀን ሰከንዶችን ይቆርጣሉ። በሚያዝያ ማለዳ፣ በ6 ዲግሪ፣ እርጥብ ኮረብታ ላይ ግን ጎረቤትየው ገበያ ሲሄድ የሚነዳበት ጥሩ የዝናብ ጎማ ሊበልጣቸው ይችላል። የጥርሳቸው ማነስ አንድ ነገር ነው፤ ዋናው ግን ቅይጣቸው ገና አለመንቃቱ ነው። የመንገድ መኪና ላለውና በዓመት ጥቂት ስፕሪንት ለሚወዳደር ሰው ምክሬ አጭር ነው፦ ለዝናብ ቀን ሁለተኛ የውድድር ጎማ ከመግዛት አንደኛ ደረጃ የመንገድ ጎማ ይግዛ።

አንደኛ ደረጃ የሚባለውን መለየት በአውሮፓ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አዲስ ጎማ ላይ የሚለጠፈው ምልክት እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2021 ጀምሮ በእርጥብ መንገድ ያለውን መያዣ ከኤ እስከ ኢ ደረጃ ያወጣለታል። ፈተናው መኪና ይዞ ከሆነ፣ እርጥብ አስፋልት ላይ ከ80 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ለመውረድ የሚፈጀውን ፍሬን ነው የሚለካው። ምልክቱ የሚናገረው ስለ አዲስ ጎማ ነው። ጥርሱ አልቆ ወደ ሕጋዊው 1.6 ሚሊ ሜትር ሲጠጋ ያው ጎማ ሌላ ጎማ ነው። አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ደግሞ በደረቅ ቀን ጥርሱ እንዳይወዛወዝ ብለው አዲሱን ጎማ በማሽን ያስላጩታል። በዝናብ ቀን የሚጸጽት ብልጠት ነው።

የትራክ ሩጫ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሃያ ደቂቃ ሌሎች መኪኖች መካከል የሚነዳ ሰው ጎማውን ያሞቀዋል፤ ከመጠን በላይ የማሞቅ አደጋም አለበት። የውድድር ዝናብ ጎማ ቅይጡ በጣም ለስላሳ፣ ጥርሱም ረጅምና በቀጭን ሥር የቆመ ነው። ውሃ ካለ ውሃው ያቀዘቅዘዋል። አስፋልቱ ሲደርቅ ጥርሶቹ ይወዛወዛሉ፣ ይሞቃሉ፣ ከዚያም ይበጣጠሳሉ። ባለሙያዎቹ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሆን ብለው ኩሬ እየፈለጉ ሲነዱ የምታዩአቸው ጎማውን ለማቀዝቀዝ ነው። ስፕሪንት ውስጥ ይህ ጭንቀት የለም፤ ጎማው ለመበጣጠስ ሲዘጋጅ ሹፌሩ ሻይ እየጠጣ ነው። በመሆኑም የትራክ ሰው በሚደርቅ አስፋልት ላይ ሊያስበው የማይችለውን ለስላሳ የዝናብ ጎማ የስፕሪንት ሰው እርጥበቱ ሊጠፋ በተቃረበበት ሰዓትም ሳይፈራ ሊያስገባው ይችላል።

ትራክ ላይ ዋናው ነገር ጊዜውን ማወቅ እንደሆነ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2007 ኑርበርግሪንግ ላይ የተደረገው የአውሮፓ ግራንድ ፕሪ ይበቃል። ጀርመናዊው ማርኩስ ቪንክልሆክ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ፎርሙላ 1 የተወዳደረበት ቀን ነው። መኪናው ስፓይከር ነበር፤ በማጣሪያው የመጨረሻውን ቦታ ነበር ያገኘው። ቡድኑ ሰማዩን አይቶ ውድድሩ ሳይጀመር ወደ ጥገናው አስገብቶ የዝናብ ጎማ ቀየረለት። ሌሎቹ በደረቅ ጎማ ተነሱ፣ ዝናቡ ወረደ፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ መኪና በመኪና ላይ ተከማቸ። ቪንክልሆክ ከ30 ሰከንድ በላይ እየመራ ውድድሩ በቀይ ባንዲራ ቆመ። ሲቀጥል ከፊት ተነሳ። ሁሉም ለሁኔታው የሚሆን ጎማ ካጠለቀ በኋላ ግን መኪናው ያው ስፓይከር ነበር፤ ወዲያው እያለፉት ሄዱ።

አማተሩ እንዲህ ያለ ቁማር የሚጫወትበት ዕድል ጠባብ ነው፤ መጀመሪያ ደንቡ አለ። በእንግሊዝ የበላይ አካሉ ሞተርስፖርት ዩኬ ለየምድቡ የሚፈቀዱ ጎማዎችን ዝርዝር ያወጣል። የመንገድ መኪና ምድብ ውስጥ ያለ ሰው እውነተኛውን የውድድር ዝናብ ጎማ ማስገባት አይችልም፤ ከዝርዝሩ ውስጥ ለመንገድ ከተፈቀደው መምረጥ አለበት። በአሜሪካ የአውቶክሮስ የመንገድ ምድቦች ደግሞ ገደቡ የሚወጣው ጎማው ጎን ላይ በተጻፈው የትሬድዌር (የጥርስ መበላት) ቁጥር ነው፤ ከ200 በታች የሆነ አይገባም። ምዝገባ ከመክፈል በፊት የምድቡን ደንብ ማንበብ ገንዘብ ያድናል።

ሁለተኛው ነገር የውድድሩ አሠራር ነው፤ ብዙ ሰው ይህን አያሰላም። በስፕሪንት ቀን ሁለት ሦስት የልምምድ ሩጫ ይኖርና ከሰዓት በኋላ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የተቆጠሩ ሩጫዎች ይደረጋሉ። የሚያዘው ከሁሉም ምርጡ ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ሩጫ በደረቅ ከሆነና ሁለተኛው ላይ ከዘነበ፣ የዝናብ ጎማ ያለውም የሌለውም ያስመዘገበው የደረቁን ሰዓት ነው። መጀመሪያ ዘንቦ በኋላ ከደረቀም ነገሩ ያው ነው። የዝናብ ጎማ ለውጥ የሚያመጣው ከጠዋት እስከ ማታ በእርጥብ ለዋለ ቀን ብቻ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን አይጠፋም፤ ግን ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየውን ያህል ብዙ አይደለም። ለዚህ ነው ውድ ነገር መግዛትን የማልመክረው።

የሚመከረው ምን እንደሚመስል በአንድ መኪና ላይ እንየው። ማዝዳ ኤምኤክስ-5 የአማተሮች ተወዳጅ ናት። የመጀመሪያው ትውልድ ከፋብሪካ ሲወጣ 185/60 አር14 ጎማ ነበረው፤ የሁለተኛው ትውልድ ባለ 1.8 ሊትሩ ደግሞ 195/50 አር15 ይዞ መጣ። ተወዳዳሪው ለደረቅ ቀን ባለ 15 ኢንቹን ቸርኬ በከፊል ልሙጥ ጎማ ያለብሰዋል። አሮጌዎቹን ባለ 14 ኢንች ቸርኬዎች ሰው በርካሽ ይሸጣቸዋል፤ በእነሱ ላይ ጥሩ የመንገድ ዝናብ ጎማ ይገጥማል። አሁን ሒሳቡ ደስ ይላል። የ14 ኢንቹ ጎማ ሙሉ ቁመት፣ ከመሬት እስከ አናቱ፣ 578 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የ15 ኢንቹ 576። ስለዚህ ማርሹ አይዛባም፤ ሹፌሩ የለመደው መታጠፊያ ላይ የለመደውን ማርሽ ይይዛል። ጎማው 10 ሚሊ ሜትር ስለጠበበ የሚያስወግደው ውሃ ይቀንሳል፣ መሬት የነካው ክፍል በስፋት ፈንታ በርዝመት ይሆናል፣ ጥርሱም ሙሉ ነው። የፍሬኑ ካሊፐር በትንሹ ቸርኬ ውስጥ መግባቱን ግን አስቀድሞ ማየት ነው፤ ትልቅ ፍሬን ያስገባ ሰው ይህን በዝናብ ውስጥ፣ ክሪኩ ላይ እንደተንጠለጠለ ሲያውቀው ያስቃል፣ ለእሱ ባይሆንም።

ነፋሱን በተመለከተ ተወዳዳሪዎች ሲከራከሩ ያመሻሉ። አመክንዮው ግን ይህ ነው። በደረቅ ቀን ጎማው ሲሞቅ ግፊቱ ከፍ እንደሚል ታስቦ ዝቅ ተደርጎ ይጀመራል። በዝናብ አይሞቅም፤ ስለዚህ የሚፈለገው ግፊት ከመነሻው መኖር አለበት። ሁለት ሦስት ፒኤስአይ መጨመር የተለመደ ነው፤ ከፍ ያለ ነፋስ ቦዮቹን ከፍቶ ይይዛል፣ የመንሳፈፊያውንም ፍጥነት ወደ ላይ ይገፋል። የቆመ ውሃ ከሌለና ቅዝቃዜ ብቻ ካለ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ትንሽ ዝቅ ማለት የጎማውን ጎን እያሠራ ሙቀት ሊያመጣ ይችላል። እዚህ ላይ ትክክለኛው ቁጥር የሚገኘው ከመለኪያውና ከልምምድ ሩጫው ነው።

ጎማውን ከመረጡ በኋላ ደግሞ መንገዱ ላይ የት እንደሚያሳርፉት ማወቅ አለ። በደረቅ ቀን መኪኖች የሚያልፉበት መስመር በተላጠ ጎማ ይለሰናል፤ ያ ልስን ሲርስ ይንሸራተታል። ስለዚህ በዝናብ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከዚያ መስመር ውጪ ያለው ሻካራ አስፋልት ነው፤ መታጠፊያውን በውጭ በኩል ዞሮ የሚሄድ ሹፌር የጠፋበት ይመስላል፣ ሰዓቱ ግን ሌላ ይናገራል። ቀለም የተቀባ ጠርዝና የብረት ክዳን መሸሽ ነው። በሰኔ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ አዲስ አበባ ላይ የነዳ ሰው፣ አቧራና ዘይት የጠገበ አስፋልት በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከጎርፉ ይልቅ ክፉ እንደሚሆን ያውቃል፤ ታጥቦ ሲጠራ ይሻላል። ኮረብታ ላይም እንደዚሁ ነው። ዛፍ የሚያጠላው ክፍል ፀሐይ ከወጣ በኋላም እየተንጠባጠበ ይቆያል፤ ታችኛው ደረቅ፣ መካከሉ እርጥብ የሆነ መንገድ የተለመደ ነው። እንዲህ ባለ ቀን ጎማ የሚመረጠው ለከፋው ክፍል ነው፤ የመንገድ ጎማ በደረቁ ክፍል የሚያስከፍለው ጥቂት ነው፣ ከፊል ልሙጡ በእርጥቡ ክፍል መንገድ ስቶ ሣር ውስጥ ከገባ ግን ሩጫው ራሱ ተቃጠለ።

የመንገድ መኪና ላልሆነ፣ ደንቡም ለሚፈቅድለት ሰው እውነተኛ የውድድር ዝናብ ጎማ አለ፤ ልሙጥ ጎማ ላይ በጋለ ቢላ ቦይ የሚቆርጡም አሉ። የራሊ ሰዎች በዚህ የተካኑ ናቸው። ቦዩ ግን ቅይጡን አይለውጠውም፤ ለስላሳ ልሙጥ ጎማ ከተቆረጠ ለካፊያ ይሆናል፣ ጠንካራው ተቆረጠ አልተቆረጠ ያው ጠንካራ ነው። ጥፍርን ጎማው ላይ ተጭኖ ማየት የድሮ ዘዴ ነው፤ ሾር የተባለው የላስቲክ ጥንካሬ መለኪያ ያለው ደግሞ ቁጥሩን ያነባል። ጥሩ የዝናብ ጎማ 40ዎቹ ውስጥ ይገኛል፣ ተራ የመንገድ ጎማ 60ዎቹ ውስጥ።

ያገለገለ የዝናብ ጎማ ሲገዛ ይህ መለኪያ ከሻጩ ቃል ይበልጣል፤ በብሪታንያ ገበያ ላይ ደግሞ አሮጌ ክምችት ሊያጋጥም ይችላል። ለአማተሩ ዓለም ለብዙ ዘመን ጎማ ያቀርብ የነበረው፣ ሜልክሻም ከተማ የሚገኘው የኤቨን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ማምረት አቁሟል፤ ባለቤቱ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ2021 ወደ ጉድየር ተጠቃልሎ ነበር። ጎማ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ይደርቃል፤ ለስላሳው ቅይጥ ደግሞ ፈጥኖ። ጥርሱ ሙሉ፣ መልኩ አዲስ፣ ግን ቅይጡ የሞተ የዝናብ ጎማ የዚህ ገበያ ዋና ወጥመድ ነው። ቀኑ ጎኑ ላይ አለ፦ ከዲኦቲ ፊደላት በኋላ በመጨረሻ የሚመጡት አራት አሃዞች ሳምንቱንና ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 የሚል ካያችሁ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አራቱንም ጎማዎች አንድ በአንድ ማንበብ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ከአንድ ዓመት፣ ሁለቱ ከሌላ የሆኑበት ስብስብ ብዙ ነው።